ጳጉሜን 5 የመጣው የአቦ ማኅበር

ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ አንድ ድፎ ዳቦ ታቅፌ የሰው በር አንኳኳሁ። ዳቦው ገና ትኩስ ነው። በሩን የከፈተችው የቤቱ ልጅ እኔንም ዳቦውንም አየችና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከኋላዋ ግቢው ውስጥ ሁለት ጋን በአፉ ተደፍቶ ፀሐይ ይሞቃል። ታጥቦ ማለት ነው። ማኅበሩ ትናንት ነበር።

የማኅበሩ ሙሴ ቤታቸው ከዚያው አጥር ቀጥሎ ነው። ድምፄን ሰምተው ወጡ። «አንተ ልጅ፣ አባትህ ይህን ሁሉ ዓመት ሲጠጣ አንድ ቀን ቀኑ ተሳስቶት አያውቅም» አሉኝ።

«አያ፣ ኮምፒውተሩ ነው ያሳሳተኝ» አልኳቸው።

«ኮምፒውተሩም ማኅበርተኛ ነው እንዴ?»

50 ብር ተቀጣሁ። ዳቦውን ግን ተቀበሉኝ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የሠርግ ካርድ አዘጋጃለሁ፣ መታወቂያ ላሚኔት አደርጋለሁ። አባቴ ሲያርፍ በአቦ ማኅበር የነበረውን ቦታ ወረስኩ። ማኅበሩ በየወሩ በ5 በየተራ ይጠጣል። ድሮ ይህን ሁሉ የምይዘው በአንድ ደብተር ነበር። የማን ካርድ ለመቼ፣ ማን ቀብድ ከፈለ፣ ማን ይቀረዋል፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው። አንድ ቀን ደብተሩ ላይ ቡና ተደፋ። የሁለት ሙሽሮች ስልክ ቁጥር አብሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኦርግ ሞድ የዞርኩት።

ለማያውቁት፦ ኢማክስ የሚባል የጽሑፍ መሥሪያ ፕሮግራም አለ። ሪቻርድ ስቶልማን የጂኤንዩውን ኢማክስ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ከብዙዎቻችሁ ይበልጣል። ኦርግ ሞድ እዚያ ውስጥ የሚሠራ የማስታወሻና የሥራ ዕቅድ መያዣ ነው። የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ካርስተን ዶሚኒክ የተባለ በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው ኢማክስ 22 ጀምሮ አብሮ ይመጣል፣ ለብቻው መጫን የለበትም። ሰማይ የሚያጠና ሰው የሠራው ነገር የእኔን የወር ቀን መቁጠር አቃተው ማለት ነው። ጥፋቱ የእሱ እንዳልነበር በኋላ ታዩታላችሁ።

የወደድኩት ፋይሉ ተራ ጽሑፍ መሆኑን ነው። ኮከብ ምልክት አድርገህ ክፍተት ትተህ ከጻፍክ ርዕስ ይሆናል። ሁለት ኮከብ ንዑስ ርዕስ ነው። በቃ። ላፕቶፔ ያገለገለ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ እሱንም አያስጨንቀውም። መመሪያው ራሱ ውስጥ አለ፤ ኔትወርክ በጠፋ ሰሞን ኮንትሮል ኤችና አይ ተጭኜ እያነበብኩ ነው የተማርኩት።

ከዚህ በታች የትእዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ። እናንተ ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

የመጀመሪያው ችግሬ ኪቦርድ ነበር። ላፕቶፔ የሚሠራበት ሲስተም ኡቡንቱ ነው፤ እሱ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ አብርቼ እጽፋለሁ። የአንዱን ሥራ ሁኔታ ለመቀየር ኮንትሮል ሲ፣ ቀጥሎ ኮንትሮል ቲ መጫን አለብኝ። ስጫን ታች ላይ «ኮንትሮል» ከአንድ የአማርኛ ፊደል ጋር ተጣብቆ ይመጣና እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም ይለኛል። ትክክል ነው፣ የለም። ስለዚህ ለእያንዳንዷ ትእዛዝ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልስ፣ ተጫን፣ ወደ አማርኛ መልስ። አንድ ሳምንት እንዲህ ሠራሁ። ጣቶቼ ራሳቸው ተናደዱ።

መፍትሔው ኢማክስ የራሱ የአማርኛ መጻፊያ ያለው መሆኑ ነው። ሲስተሙን እንግሊዝኛ ላይ ትተዋለህ። ኢማክስ ውስጥ ኮንትሮልና ባክስላሽ ትጫናለህ። መጀመሪያ ላይ የትኛውን ቋንቋ ብሎ ይጠይቃል፣ «ኢትዮፒክ» ብለህ ትሰጠዋለህ። ከዚያ በድምፅ ትጽፋለህ። ትንሹ ቲ ት፣ ትልቁ ቲ ጥ፣ ኤክስ ደግሞ ሽ ይሆናል። ትእዛዞቹ ግን ሳይነኩ እንደነበሩ ይቀመጣሉ። ሁልጊዜ እንዳይጠይቅህ የማስጀመሪያ ፋይሉ ላይ «ዲፎልት-ኢንፑት-ሜተድ» የሚለውን «ኢትዮፒክ» በለው።

በነገራችን ላይ ኮንትሮል ኤች፣ ቀጥሎ ትንሹን ኤች ብትጫኑ በብዙ ቋንቋ የተጻፈ ሰላምታ ይከፈታል። አማርኛም አለበት። «ሠላም» ይላል፣ በንጉሡ ሠ! የቄስ ትምህርት ቤት መምህሬ ቢያዩት አለንጋ ያነሡ ነበር። ቢሆንም ደስ ይላል።

ሁለተኛው ችግር ከራሴ ቃላት መጣ። ኦርግ ሥራውን «ቱዱ» (ገና የሚሠራ) እና «ደን» (ያለቀ) ብሎ ነው የሚከፍለው። እኔ የቤቴን ቃላት ፈለግሁ። ፋይሉ አናት ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦

#+ቱዱ: ይሠራ ይታረም ይጠበቅ ተረከበ ቀረ

ካርዱ ገና ካልተነካ ይሠራ። ሙሽራው ስም አይቶ እንዲያርም ከተላከ ይታረም። ቀብድ ካልገባ ይጠበቅ። ደንበኛው ከወሰደ ተረከበ። ሠርጉ ከፈረሰ ቀረ፤ ያጋጥማል። ጥሩ ሠራ። ግን የወሰዱት ሰዎች ካርድ አጀንዳው ላይ (ኦርግ ሥራዎቹን በየቀናቸው የሚዘረዝርበት ገጽ ነው) በቀይ መጮሁን አላቆመም። «የመረከቢያ ቀኑ 12 ቀን አልፎታል» ይለኛል። አልፎታልማ፣ ሰዎቹ ተጋብተው ጫጉላቸውን ጨርሰዋል!

ነገሩ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር ናት። ኦርግ ያለቀውን ካላለቀው የሚለየው መሐል ላይ በምትቆም ሰረዝ ነው። ሰረዟ ከሌለች የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነው እንዳለቀ የሚቆጥረው። ስለዚህ ለእሱ ያለቀ ሥራ ማለት የፈረሰ ሠርግ ብቻ ነበር። እንዲህ አስተካከልኩት፦

#+ቱዱ: ይሠራ ይታረም ይጠበቅ | ተረከበ ቀረ

አስተካክዬም አልተለወጠም። ግማሽ ቀን ሄደብኝ። ለካ መስመሩን ከቀየርክ በኋላ እዚያው መስመር ላይ ቆመህ ኮንትሮል ሲ ሁለት ጊዜ መጫን አለብህ፣ አለበለዚያ ፋይሉን ዘግተህ እስክትከፍት ድረስ በአሮጌው ነው የሚሄደው። ይህችን ነገር የሚነግራችሁ ሰው ካለ አመስግኑት።

ሦስተኛው ደግሞ ዓይን የሚያታልል ነው። ሥራዎቹን በታግ እለያለሁ። ርዕሱ መጨረሻ ላይ በሁለት ነጥብ መሐል ሠርግ፣ ማመልከቻ፣ ቲተር እያልኩ። አንድ ቀን የሠርጎቹን ሁሉ ዝርዝር ጠየቅሁት። አራት ብቻ አወጣ። እኔ በዓይኔ የማያቸው ከ20 በላይ ናቸው። ፋይሉን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ኢማክስን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። ላፕቶፑን ሪስታርት አደረግሁ። አራት።

በመጨረሻ ጠቋሚውን አንዱ ሁለት ነጥብ ላይ አቁሜ ኮንትሮል ኤክስና የእኩል ምልክት ተጫንኩ። ይህ ትእዛዝ ያቆምክበት ፊደል ማን እንደሆነ መታወቂያውን ያሳያል። 58 አለኝ። ወደሚቀጥለው ሠርግ ወርጄ ሁለት ነጥቡ ላይ እንደገና ተጫንኩ። 4961 አለኝ። አንዱ የፈረንጁ ኮለን ነው፣ ሌላው የእኛው የቃል መለያ ሁለት ነጥብ። በጽሑፉ መጠን ስታያቸው መንታ ናቸው። አማርኛውን ሳላጠፋ የጻፍኳቸው ታጎች በሙሉ በእኛው ነጥብ ተጽፈው ኖሯል፤ ኦርግ ደግሞ የሚያውቀው 58ን ብቻ ነው። ፈልጎ በመተካት 23 ቦታ አስተካከልኩ። አሁን ታግ ልጽፍ ስል መጀመሪያ ኮንትሮልና ባክስላሽ እጫናለሁ፣ እጄ ለምዶታል።

የሠንጠረዥን ነገር አልነግራችሁም። ፊደሎቻችን ስፋታቸው እኩል ስላልሆነ አምዶቹ እንደ ሰከረ ሰው ይወላገዳሉ። ሒሳቤን በሌላ ነው የምሠራው።

ሰዓቱም አስቂኝ ነገር ነበረው። ደንበኛ «ነገ በ3 ሰዓት እመጣለሁ» ይለኛል። እንዳለ 3:00 ብዬ እመታለሁ። ኦርግ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያስቀምጠዋል። ይኼኛው ቀላል ነው፣ ስድስት መደመር ወይም መቀነስ ነው። የወሩ ቀን ግን በስድስት አይድንም።

አሁን ወደ ዳቦው እንመለስ። ኅዳር 5 ቀን 2017 በፈረንጆቹ ኖቬምበር 14 ነበር። ለማኅበሩ አንድ ርዕስ ከፈትኩና ቀኑን አስገብቼ ከጎኑ «+1ኤም» ብዬ ጻፍኩ። በየወሩ ድገም ማለት ነው። ኖቬምበር 30 ቀን ስላለው ታኅሣሥ 5 በልኩ ዲሴምበር 14 ላይ ዋለ። እኔም ሠራ ብዬ ረሳሁት። ዲሴምበር ግን 31 ቀን ነው። ጥር 5 ጃንዋሪ 13 ሲውል ኦርግ ጃንዋሪ 14 ብሎ ተረጋግቶ ተቀመጠ።

የአገሬ ሰው ሆኖ ጥር 5ን የሚስት አለ ወይ ትሉኛላችሁ። ጥር ሲገባ የጽሕፈት ቤት ሥራ ምን እንደሚመስል ያላየ ነው እንዲህ የሚለው። ጥምቀት ካለፈ ሠርግ ነው፣ ካርዱ ሁሉ ከጥምቀት በፊት ካልደረሰ ይላል። እንቅልፍ የለም። ቀኑን የምቆጥረው ላፕቶፑ ጥግ ላይ ባለው የፈረንጅ ቀን ነበር። እናቴም እህቴን ልትጠይቅ ባሕር ዳር ሄዳ ነበር። እሷ ብትኖር ኖሮ በዋዜማው ማታ «ነገ አቦ ነው» ትለኝ ነበር፣ እኔም ይህን ሁሉ አልጽፍም።

ከተቀጣሁ በኋላ ብልጥ ሆንኩ። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን አይደል? «+1ኤም» የሚለውን አጠፋሁና «+30ዲ» አደረግሁት። በየ30 ቀኑ። ከጥር 5 ተነሥቶ የካቲት 5፣ መጋቢት 5፣ ሚያዝያ 5፣ አንድም ቀን ሳይስት እስከ ነሐሴ 5 ወሰደኝ። ሰኔ ላይ ተራው የእኔ ነበር፣ ጠላውም ዳቦውም በቀኑ ደረሰ። ሙሴው «ኮምፒውተሩ ንስሐ ገባ» አሉ። ኮራሁ።

ጳጉሜን 5 ጠዋት ቤቴ የእንቁጣጣሽ ካርድ በሚገዛ ሰው ተሞልቷል። አጀንዳውን ከፈትኩ። «ዛሬ፦ የአቦ ማኅበር» ይላል።

ለጊዜው ደነገጥኩ። ዳቦ ላስጋግር ተነሥቼ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ ገባኝ። ነሐሴ 5 ላይ 30 ቀን ስትደምር ጳጉሜን 5 ነው። መስከረም 5 ለመድረስ 35 ቀን ያስፈልጋል፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ 36። አሥራ ሦስተኛ ወር ያለን ሕዝብ መሆናችንን እኔ ራሴ ነኝ የረሳሁት። እንዲህ ቢቀጥል ኖሮ ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ ማኅበሩ በ5 መሆኑ ቀርቶ በ30 ይሆን ነበር።

በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ማታ በሩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። መመሪያውን ሳገላብጥ ያላሰብኩት ነገር አገኘሁ። ኢማክስ ውስጥ የእኛ የዘመን አቆጣጠር አለ። ድሮውንም ነበረ። ካሌንደሩን ከፍታችሁ አንዱ ቀን ላይ ቆማችሁ ፒ፣ ቀጥሎ ኢ ብትጫኑ የኢትዮጵያ ቀኑን ይነግራችኋል። ጂ፣ ቀጥሎ ኢ ብትሉ ደግሞ በእኛ ቀን ፈልጎ ይወስዳችኋል። እኔ በጣቴ ስቆጥር የከረምኩት ነገር እግሬ ሥር ነበር።

ስለዚህ መድገሚያውን ጭራሽ ተውኩት። በምትኩ አንዲት ትንሽ ፈንክሽን ጻፍኩ። የኢማክስ ቋንቋ ሊስፕ ነው፣ ለፈንክሽን ስም የአማርኛ ፊደል ይቀበላል። «በየወሩ» አልኳት። የምትሠራው ቀላል ነው። አጀንዳው የሚያሳየውን የፈረንጅ ቀን ትወስዳለች፣ ወደ አንድ ተከታታይ የቀን ቁጥር ቀይራ «ካሌንደር-ኢትዮፒክ-ፍሮም-አብሶሉት» ለሚባለው ትሰጠዋለች፣ እሱ ወር፣ ቀን፣ ዓመት አድርጎ በሦስት ቁጥር ይመልሳል። መሐል ያለው ቁጥር እኔ ከጠየቅሁት ጋር ከገጠመ አዎ ትላለች። ኦርግ ፋይሉ ላይ የሚጻፈው ይህችን ታህል ብቻ ነው፦

%%(በየወሩ 5) የአቦ ማኅበር

አልሠራም። ታች ላይ ይህ መስመር ስሕተት አለበት የሚል መልእክት መጣ። የእኛን አቆጣጠር የያዘው ፋይል ገና አልተጫነም ነበር። ማስጀመሪያው ላይ «ሪኳየር» ብዬ «ካል-ኮፕቲክ»ን ጠራሁት። እኛ ከግብፆቹ ጋር በአንድ ፋይል ነው ያለነው። መልእክቱ ጠፋ። ማኅበሩ ግን አሁንም አጀንዳው ላይ የለም። እዚህ ላይ አንድ ሻይ ጠጣሁ። መስመሩን ለዓይን እንዲያምር ከርዕሱ ሥር ሁለት ክፍተት ገባ አድርጌው ነበር። እነዚያ ሁለት ፐርሰንቶች ከመስመሩ መጀመሪያ ጥግ ካልጀመሩ ኦርግ አያያቸውም። ክፍተቱን አጠፋሁ። መጣ!

ተደስቼ ልተኛ ስል አንድ ነገር ከነከነኝ። አጀንዳው ላይ ጄን ተጫንኩና የሚቀጥለውን ጳጉሜን 5 አምጣልኝ አልኩት። በፈረንጅ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2026። «የአቦ ማኅበር» ይላል።

ስቄ ልሞት። ለካ ፈንክሽኗ የጠየቅኋትን ነው የመለሰችው። ቀኑ 5 ነው ወይ? 5 ነው። ወሩን መቼ ጠየቅሁ? «ወሩ ከ13 ካነሰ» የሚል አንድ ቁራጭ ጨመርኩ። ጳጉሜን ነጻ ወጣች። አሁን 12ን ለሚካኤል፣ 21ን ለማርያም፣ 29ን ለባለ ወልድ በየአንድ አንድ መስመር አስገብቻለሁ። የዕድሩ መክፈያም በዚያው ገባ።

አንድ የቀረችኝ ውበት ነበረች። ፋይሉ ላይ «%%(ዳየሪ-ኢትዮፒክ-ዴት)» የሚል መስመር ከጨመራችሁ አጀንዳው በየቀኑ አናት የእኛን ቀን ያሳያል። የወሮቹ ስም ግን በእንግሊዝኛ ፊደል «ማስካራም»፣ «ተቀምት»፣ «ያካቲት» እየተባለ ይመጣል። ስሞቹን በአማርኛ ጽፌ ማስጀመሪያው ላይ አስቀመጥኩ። አልተቀየረም። ስሞቹን ጽፌ የነበረው ከ«ሪኳየር» መስመር በላይ ነበር፤ ፋይሉ ሲጫን የራሱን ስሞች አምጥቶ የእኔን ይደመስሳል። መስመሮቹን ገለባበጥኩ፣ መጀመሪያ ጥሪው ከዚያ ስሞቹ። አሁን «መስከረም» ይላል፣ እንደ ሰው።

ታኅሣሥ ላይ እናቴ ሱቅ መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ ስክሪኑን ታያለች፤ ማርያም፣ ባለ ወልድ፣ በየቀናቸው ተደርድረዋል። ደስ ያላት መሰለኝ።

«እስኪ ይኼ ነገርህ ሁዳዴ መቼ ይገባል ይላል?» አለችኝ።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ግን ኢማክስ የግሪክ ኦርቶዶክስን ፋሲካ ማስላት ይችላል፣ ያ ደግሞ ከእኛው ጋር በአንድ ቀን ነው የሚውለው። «ቆይ እማዬ» ብዬ ጀመርኩ። ከፋሲካ 55 ቀን ወደ ኋላ፣ ስሙ ሁዳዴ፣ በዓላቱ ዝርዝር ውስጥ አስገባ፣ አጀንዳው በዓላትን እንዲያሳይ አንድ መስመር ጨምር። ቅንፍ አጉድዬ አንዴ ተበላሸ። ደግሜ ሠራሁት። ሩብ ሰዓት ሳይፈጅ አልቀረም። እሷ እስከዚያ ድረስ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ ከመጣ ልጅ ጋር የሩቅ ዘመድ መሆናቸውን አጣርታ ጨርሳለች።

«የካቲት 9፣ ሰኞ» አልኳት። «ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 4።»

«አዎ» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። «መሪጌታም እንቁጣጣሽ ዕለት እንዲሁ ነው ያሉት።»